መዳፍ የምታክል ነጠላ

ይገዙ በረንዳው ላይ ቆሞ በስልክ፣ «የለም፣ የለም፣ የሚስቴ ሥራ አይደለም፤ የፕሮጀክታችን ሴቶች ናቸው የሠሩት» ሲል ሠርክ መታጠቢያ ቤት ሆና ሰማችው። የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። ሠርክ እንግሊዝኛ እምብዛም አትችልም፤ «ሚስቴ» እና «አይደለም» የሚሉትን ለመለየት ግን ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። ሳሙናው ፊቷ ላይ እንዳለ ቧንቧውን ዘጋችና ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። «ስደተኞች ናቸው፤ ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉም» አለ ቀጥሎ፤ ከዚያም ሳቀ። ይገዙ ስልክ ላይ ሲስቅ ደስ የሚል ሳቅ አለው። እዚህ ኬንያ፣ ዌስትላንድስ የሚባል ሰፈር ያለው የእርዳታ ድርጅት ይህንን ሳቁን ሰምቶ ሳይሆን አይቀርም የቀጠረው።

ሥራ የተባለው ሰባት ነጠላ ነው። ሰው የሚለብሰው ነጠላ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዋ የክብሪት ቀፎ ታክላለች፤ ሁለተኛዋ ትንሽ ትበልጣታለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባተኛዋ መዳፍ ትሞላለች። ሠርክ ጥጡን ራሷ በእንዝርት ፈትላ፣ የሠርግ ፎቶ ፍሬም ላይ ምስማር ደርድራ፣ ድሩን ምስማሮቹ ላይ ወጥራ፣ ማጉን በመርፌ እያሾለከች ነው የሠራቻቸው። ፍሬሙ ባዶ ነበር፤ መስታወቱን ይገዙ ባለፈው ፋሲካ በእሷው ጭንቅላት ሰብሮታል። የእያንዳንዷ ነጠላ ጫፍ ላይ እንደ ደንቡ ጥለት አለ፤ ከፀጉር ትንሽ የሚወፍር ቀይ ክር፣ ከጎኑ ጥቁር። ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ያያቸው እንግዳ ሁሉ «የአሻንጉሊት ናቸው?» ሲላት «አዎ» ትላለች። አንድ ቀን ግን ዌስትላንድስ አንድ ሱፐርማርኬት በር ላይ፣ ከስንዝር የማይበልጡ የክር ሥራዎች የሚታዩበት ኤግዚቢሽን ሊከፈት እንደሆነ የሚናገር ማስታወቂያ አየችና ለማንም ሳትነግር ነጠላዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ሄደች። የጋለሪው ባለቤት ዋምቡይ የምትባል ኬንያዊት ናት። ቆርቆሮውን ከፍታ አንድ በአንድ መዳፏ ላይ እያኖረች አየቻቸውና፣ «ሁሉንም እፈልጋቸዋለሁ» አለቻት። ሠርክ ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ያለ ቃል ከማንም አልሰማችም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መስታወት ፊት እየቆመች፣ ሰዎች «እንኳን ደስ አለሽ» ሲሏት የምትመልሰውን ትለማመዳለች፤ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ትላለች ለመስታወቱ፤ አንዴ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ አንዴ ቀና ብላ። ይገዙም የሳሎኑ ግድግዳ ባዶ መሆኑን አይቶ ሲጠይቃት ነግራዋለች። ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው ዛሬ አመሻሽ ላይ ነው።

ፊቷን ሳታደርቅ ወጣች። ይገዙ መኝታ ቤት ገብቶ ከረባቱን እያሰረ ነበር።

«የኔ አይደለም አልክ?» አለችው።

አላፈረም። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ለሕፃን እንደሚነግር ሰው ረጋ ብሎ አስረዳት። ፕሮጀክቱ ለስደተኛ ሴቶች የእጅ ሙያ ያስተምራል ተብሎ ሁለት ዓመት በጀት በልቷል፤ የስፌት መኪኖቹ ግን እስካሁን ከካርቶናቸው አልወጡም። ዛሬ አለቃው ከአውሮፓ መጥታለች። የሆነ ነገር ማየት አለባት። ድርጅቱ የጋለሪውን ወይንና ምግብ ከፍሏል፤ ከሥራው ጎን የሚለጠፈው ካርድም ታትሟል። «ያንቺ ስም እዚያ ቢጻፍ ምን ያደርግልሻል?» አላት፤ «እኔ ከፍ ካልኩ ግን አብረሽኝ ነው ከፍ የምትዪው። አንድ ቤት አይደለንም እንዴ?»

«ሄጄ ለጋለሪዋ ባለቤት የኔ ነው ብዬ እነግራታለሁ።»

ይገዙ ሲናደድ አይጮህም፤ ጎረቤት አለ። ቀኝ እጇን እንደ ሙሽራ እጅ በቀስታ ያዘና የመኝታ ቤቱ በር መቃን ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በሩን በትከሻው ገፋው። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ሠርክ አልጮኸችም፤ ጩኸት ሁለተኛውን ምት እንደሚጠራ ከተማረች ቆይታለች። እጇን ታቅፋ በሩ ሥር ተቀመጠች። ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲከተፍ ይሰማ ነበር፤ ቢላዋው ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና መክተፍ ጀመረ።

«ማታ ትመጫለሽ» አላት ይገዙ፣ ጫማውን እያሰረ። «የሐበሻ ልብስ ለብሰሽ አጠገቤ ትቆሚያለሽ። ስለ ጣትሽ የጠየቀሽ ካለ በር ነው በይ። ውሸት አይደለም።» በወጣ ጊዜ የውጪውን በር ድምፅ ሳያሰማ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ወጥ ቤት ያለችው ታላቅ እህቱ ጽጌረዳ ናት። እናታቸው ስትሞት ይገዙን ጉልት ቸርችራ ያሳደገችው እሷ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣችው ሠርክን ልታርስ ነበር፤ ገንፎ ልታገነፋ፣ ሕፃን ልታጥብ። ሐምሌ ላይ ይገዙ ሚስቱን ሆዷን በጫማው ረገጣት፤ የሰባት ወር ልጅ ሆዷ ውስጥ ሞተች። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ «ምን ሆና ነው?» ብሎ በአስተርጓሚ ሲጠይቅ፣ «መታጠቢያ ቤት ወድቃ» ብላ የመለሰችው ጽጌረዳ ነበረች። ገንፎው ቀረ፤ ጽጌረዳ ግን ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች በዚያች የካሳራኒ ጠባብ ቤት ውስጥ ጨውና በርበሬ እየተቀባበሉ፣ ልብስ አብረው እያሰጡ፣ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይኖራሉ። አሁንም ጽጌረዳ በጎድጓዳ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ገባችና ሠርክ አጠገብ አስቀመጠችው። ጣቶቹን አላየችም፤ ወይም አይታ ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳለች ሁሉ ዓይኗንም አለበሰችው። «ነጩን ቀሚስሽን ተኩሼልሻለሁ» አለች። ሠርክ ውሃው ውስጥ እጇን ከትታ የጽጌረዳን እግሮች ስትመለከት፣ ከይገዙ ይልቅ እሷን እንደምትጠላ ተሰማት፤ ደነገጠች፤ ግን እውነት ነበር።

ቀሚሱን በፌስታል አድርጋ ወጣች። ያኔ የቲካ መንገድ ገና አልሰፋም፤ ማታቱ የሚሏት ሚኒባስ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዘለለች፣ ሙዚቃው ደረት እየደለቀ፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ታውን! ታውን!» እያለ ነው የሚኬደው። በየጉድጓዱ እጇ ነፍስ ዘርቶ ይጮህባታል። ከተማ ወርዳ የኢስትሊን ማታቱ ያዘች። እዚያ ሲደርሱ መንገዱ በሰው ተዘግቶ መኪኖች ቆመዋል። «ምዊዚ! ምዊዚ!» ይላል ሕዝቡ፤ ሌባ መሆኑ ነው። ስልክ ነጥቆ ሲሮጥ የተያዘ ቢጫ ካናቴራ የለበሰ ጎረምሳ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል። ጫማ ጠጋኙ በመዶሻ እጀታ፣ ሙዝ ሻጯ በነጠላ ጫማዋ፣ መንገደኛው በእግሩ ይሉታል። ቢጫው ካናቴራ እያዩት ቀላ። ከማታቱዋም ሁለት ሰዎች ወርደው አንድ አንድ ቡጢ አሳርፈው ተመለሱ፤ አንደኛው ከሠርክ አጠገብ ተቀምጦ የነበረ ነው፤ ቡጢውን በመሐረብ እየጠረገ ሲቀመጥ እጇን ነካትና፣ «ፖሌ» ብሎ በትሕትና ይቅርታ ጠየቃት። ሠርክን ልጁ አሳዘናት። ግን ደግሞ ተናደደች። ለአንድ ስልክ፣ ያውም ላገለገለ ኖኪያ፣ አገር ምድሩ ጮኸ። ለልጇ አንድ ሰው እንኳ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ራሷም ጭምር። ንዴቱ እንባ ሆኖ መጣ፤ ሰውየው በእጇ ምክንያት መስሎት ደግሞ «ፖሌ ሳና» አላት።

የሄደችው አደይ ትእምቲ ዘንድ ነው። አደይ ትእምቲ አስመራ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በንጉሡም በደርግም ዘመን፣ ከአለቆቻቸው አማርኛ የተማሩ አሮጊት ናቸው። አሁን ኢስትሊ ውስጥ በር የምታክል ሱቅ አለቻቸው፤ በሞያሌ በኩል የሚመጣ ጥጥ፣ ነጠላ፣ ክርና በርበሬ ይሸጣሉ። ሠርክም ጥጧን የምትገዛው ከእሳቸው ነው። እጇን ሲያዩ የያዙትን ሚዛን አስቀመጡ።

«በር ነው» አለች ሠርክ።

«በሩ ስም የለውም?» አሉ አደይ ትእምቲ።

በርጩማ ላይ አስቀምጠዋት፣ ክር የሚጠቀለልበትን ካርቶን ቀደው፣ አመልካችና መሐል ጣቷን ከካርቶኑ ጋር በአቡጀዲ ቁራጭ አሠሩት። ሲያጠብቁት ዓይኗ ጨለመ። ደንበኛ መጣ፤ በሱማሊኛ ሁለት ቃል ብለው መለሱት። በሩን ገርበብ አደረጉና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ውጪ አሁንም ሰዉ ስለ ሌባው ያወራል፤ ፖሊስ መጥቶ ወሰደው፤ መሞቱን አለመሞቱን የሚያውቅ የለም።

«ያኔ ሆስፒታል ልጠይቅሽ ስመጣ ወደቀች አሉኝ» አሉ አደይ ትእምቲ። «አላመንኩም። ግን ዝም አልኩ። እኔም ዝም ብያለሁ፣ ጓለይ።» ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲከፋቸው ቋንቋቸው ይመለሳል። እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አድርገው፣ «አልቅሰሽላታል?» አሏት።

«ማን ያስለቅሰኛል? ክርስትና ላልተነሣች ልጅ ለቅሶ አይቀመጡም አሉኝ። አንድ ሰው ቤቴ አልመጣም። ሬሳዋንም አላሳዩኝም።»

«ጨርቆቹ እሷ ናት?»

ሠርክ ቀና ብላ አየቻቸው። እስካሁን «የአሻንጉሊት ናቸው?» ያላት እንጂ ይህንን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ለየወሯ አንድ አንድ ነው» አለች፤ «ከሰባተኛዋ በላይ መሥራት አልቻልኩም። ሞከርኩ። ድሩን ወጥሬ እተወዋለሁ።»

«ጥለታቸውን ወዴት አድርገሽ ነው የሰቀልሽው?»

«ወደ ታች።»

የእኛ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ነጠላውን ያዘቀዝቃል፤ እግር ሥር የነበረው ጥለት ተገልብጦ ወደ አንገት ይወጣል። መንገድ ላይ ያያችሁ የማታውቁት ሰው እንኳ ሳይጠይቃችሁ አያልፍም። ሠርክ ወራት ሙሉ ስትሠራ የሐዘን ነጠላ እየሠራች መሆኑን አላጣችውም ነበር፤ ግን ግድግዳው ላይ የሰቀለችው ሁልጊዜ እንደ ደስታ ነው፤ ይገዙ ያያል፤ ጽጌረዳ ታያለች። አሮጊቷ ሻይ አፍልተው በግድ አጠጧት። ስትወጣ «ነገ ሐኪም ዘንድ እወስድሻለሁ፤ ማታ ደግሞ እመጣለሁ። ዌስትላንድስ ነው አይደል?» አሏት። እሳቸው ከኢስትሊ ከወጡ ዘመን አልፏል።

ሠርክ ስትደርስ ጋለሪው አዲስ ቀለም ይሸታል። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ትናንሽ መብራቶች ከጣሪያው ወደ ትናንሽ ሥራዎች ያበራሉ። ከቃጫ የተቋጠረ እንቁላል የሚያክል ጎጆ፣ ከዩጋንዳ የመጣ ቡናማ የዛፍ ልጥ ጨርቅ ላይ የተጠለፉ ፊቶች፣ ከዓሣ መረብ የተሠራ ጓንቲ አለ። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ የሠሪው ስም በትልቁ ተጽፏል። ሠርክ ስሞቹን እያየች እስከ መጨረሻው ግድግዳ ሄደች። ሰባቱ ነጠላዎች ብቻቸውን ተሰቅለዋል፤ እንዲህ አምረው አይታቸው አታውቅም፤ የራሷ መሆናቸውን ለአፍታ ረሳች። ከጎናቸው ካርዱ አለ። የድርጅቱ ምልክት፣ የፕሮጀክቱ ስም፣ ከዚያ «ስማቸው ያልተጠቀሰ ሴቶች»።

«እኔ ነኝ» አለቻት ለዋምቡይ በተሰባበረ ስዋሂሊ፣ ነጠላዎቹንና ደረቷን በግራ እጇ እያመለከተች። «እኔ ሠራሁ። ብቻዬን።»

ዋምቡይ መሰላል ላይ ነበረች፤ ወረደች። ክፉ ሴት አይደለችም። ባሏ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ፣ «ሚስቴ ቆርቆሮውን ያመጣችው ለሴቶቹ ተልካ ነው» እንዳላትና እሷም እንዳመነችው ነገረቻት። የታሠረውን እጇን አየች፤ ዓይኗን ቶሎ አነሣች። ካርዱ ታትሟል፤ ወይኑ መጥቷል፤ እንግዶች ግማሽ ሰዓት አልቀራቸውም። «ዛሬ ይለፍ። ነገ እኔና አንቺ ቁጭ ብለን እናስተካክለዋለን፣ ሳዋ?» አለች፤ እሺ በይኝ ማለቷ ነው። ሠርክ ይህንን «ዛሬ ይለፍ» የሚለውን ቃል በስንት ቋንቋ እንደሰማችው አሰበች። አልተከራከረችም። አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ ነጠላዎቹን መገልበጥ። በግራ እጇ አንዷን ነቅላ፣ ቀዩን ጥለት ወደ ላይ አድርጋ አሳየቻት። ዋምቡይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ ተመለከተች። «ኦህ» አለች፤ «ይሄ ይሻላል። ይከብዳል።» ከዚያ ራሷ ስፒሎቹን አፏ ውስጥ ይዛ፣ አንድ በአንድ አዘቀዘቀችላት። ዋምቡይ የሠራችው ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሠርክ ጓዳ ገብታ ነጩን ቀሚሷን በአንድ እጇ ለበሰች፤ ፈርታለች፤ ግን የሚያስመልሳት ዓይነት ፍርሃት አልነበረም።

ይገዙ አለቃውን ይዞ ሲገባ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ከቢሮው ሰዎች ሌላ የሚያውቃቸውን ሐበሾች ሁሉ ጠርቷል፤ የአየር መንገዱን ካፒቴን ጌታቸውን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሐሊና ጋር፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን፣ ሁለት ሦስት የባንክና የኤምባሲ ሰዎችን። ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ እሱ ነው ለብሳችሁ ኑ ያላቸው፤ ለፎቶ ያምራል። ጽጌረዳ ከኋላው ናት። ይገዙ ግድግዳው ጋ ሲደርስ የተመለከተው ካርዱን ነው፤ ፊደል እንዳልተሳሳተ አረጋግጦ ለአለቃው ማስረዳት ጀመረ። ሴቶቹ እንዴት እንደመጡ፣ እንዴት እንደሠለጠኑ፣ ጥለቱ የመከር ደስታን እንደሚያሳይ። ፈረንጇ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች። ነጠላዎቹን ያዩት ሌሎቹ ናቸው። ወይዘሮ ሐሊና የወይን ብርጭቋቸውን ወደ አፋቸው ሊወስዱ ሲሉ ቆሙ። አጠገባቸው ያለችውን ሴት በክርናቸው ጎሸም አደረጉ፤ እሷም አየች። የሐበሾቹ ወሬ አንድ በአንድ እየተቋረጠ ሄደ፤ ቀስ በቀስ የፈረንጆቹ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«እነዚህ ሰዎች ሳያውቁ አዘቅዝቀውት ነው?» አሉ ወይዘሮ ሐሊና በለሆሳስ።

ይገዙ ያኔ ነው ዞር ብሎ ያየው። ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ አልጠፋም፤ ከሥሩ ያለው ፊት ግን ተለወጠ። ሠርክ አጠገብ ደርሶ፣ ጥርሱን ሳይከፍት «አስተካክያቸው» አላት።

«ተስተካክለው ነው» አለች።

የተሰበሩትን ጣቶቿን በካርቶኑ ላይ ይዞ ጨመቃቸው። ከሩቅ ለሚያይ ሚስቱን እጇን የያዘ ባል ነው። ሠርክን ላብ አጠመቃት፤ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና አደይ ትእምቲ ገቡ። በማታቱ ተንገላተው ነው የመጡት፤ ጫማቸው አቧራ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንንም ሰላም ሳይሉ፣ በትሪ ወይን የያዘውን አስተናጋጅ አልፈው፣ ግድግዳው ሥር ሄደው ቆሙ። አሁን የቀረ ጥርጣሬ አልነበረም፤ የሐበሻ ልማድ የሚያዘውን ወይዘሮ ሐሊና ጠየቁ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ልጄ» አለች ሠርክ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ሰባት ወሯ ነበር። ሴት ነበረች። እነዚህን እኔ ነኝ የሠራሁላት፤ ሌላ ማንም አልሠራቸውም።»

ወይዘሮ ሐሊና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ለቅሶ ላይ ቀጥሎ የሚጠየቀውን ሁሉም ያውቃል። «ምን ሆና?»

ሠርክ መመለስ ትችል ነበር። ግን ዓይኗ ሄዶ ያረፈው ጽጌረዳ ላይ ነው። ጽጌረዳ ወንበር እንደሚፈልግ ሰው ግድግዳውን በእጇ ይዛለች። ይገዙም እህቱን አየ፤ በልጅነቱ ዳቦ ሲለምናት ያያት በነበረው ዓይን አያት። ጽጌረዳ እጇን ከግድግዳው አነሣች።

«አልወደቀችም» አለች በመጨረሻ። «ወደቀች ያልኩት እኔ ነኝ። ረግጧት ነው። ወጥ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ።»

ይገዙ በሕይወቱ ሁሉ የመታው በር ዘግቶ ነው። አሁን ግን በሩን ረሳው። ያሳደገችውን እህቱን በቡጢ አፏ ላይ አላት፤ ጽጌረዳ ግድግዳው ላይ ተላትማ ስትወድቅ ሦስተኛዋ ነጠላ ከስፒሏ ተላቅቃ አብራት ወደቀች። ብርጭቆ ተሰበረ። ወድቃ ሳለ በእግሩ ደገማት፤ ሠርክ ጫማውን አወቀችው። በጤነኛ እጇ ኮቱን ይዛ ስትጎትተው በክርኑ አገጯን መታት፤ አፏ ደም ደም አላት። ሦስተኛውን ምት ሊያወርድ ሲል ካፒቴን ጌታቸው ከኋላው አንገቱን አነቁት፤ ዘበኛው ደርሶ እጁን ጠመዘዘው። «የቤቴ ጉዳይ ነው! ልቀቁኝ፣ የቤቴ ጉዳይ ነው!» እያለ ይጮህ ጀመር። ሠርክ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም ነበር። ድምፁ ቀጭን ነው። እየጎተቱ በበሩ ሲያወጡት አለቃው ብርጭቋዋን እንደያዘች መንገድ ለቀቀችላቸው።

ፈረንጆቹ ወደ አንድ ጥግ ተሰብስበዋል፤ ዋምቡይ ስልክ ላይ ፖሊስ እየጠራች ነው። ጽጌረዳ ወለሉ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ደሙ አገጯን አልፎ ነጠላዋ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ሰው ሶፍት ሲሰጣት አልተቀበለችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ አራገፈችው፤ ገልብጣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ደሙን ጭምር አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና አለቀሰች፤ ለልጅቷ፣ በወጉ፣ ጮክ ብላ። ወይዘሮ ሐሊና ብርጭቋቸውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ነጠላቸውን ገለበጡ። ቀጥላ አጠገባቸው ያለችው፣ ከዚያ ሌላዋ፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ አዘቀዘቁ፤ ወንበር ስለሌለ ተራ በተራ በነጭ ልብሳቸው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ዌስትላንድስ መሐል፣ የወይን ሽታ ባለበት ክፍል፣ ስም ላልወጣላት ልጅ ለቅሶ ተቀመጡላት። አደይ ትእምቲ የወደቀችውን ነጠላ አንሥተው፣ እፍ ብለው አራግፈው፣ ሠርክን ግድግዳውን አስደግፈው አስቀመጧትና ጭኗ ላይ አኖሩላት።

ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጎንበስ አሉላት። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይሏታል። መስታወት ፊት ስትለማመድ የከረመችው መልስ ለዚህ የሚሆን አይደለም። «አሜን» አለች ለመጀመሪያዋ፤ «አሜን» አለች ለሁለተኛዋ፤ ከዚያ በኋላ አልቻለችም፤ ከሐምሌ ጀምሮ የተከማቸው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ሲቀልላት ቀና ስትል ዋምቡይ ፊቷ ተንበርክካለች። ካርዱን ከግድግዳው ነቅላ ለሁለት ቀዳዋለች፤ በሌላ እጇ ባዶ ካርድና እስክሪብቶ ይዛለች። ሠርክ እስክሪብቶውን በግራ እጇ ተቀብላ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ካርዱ ላይ አቀርቅራ፣ «ሠርክ» ብላ ጻፈች። ጽሕፈቱ ተንጋዷል። ዋምቡይ የአማርኛውን ፊደል ማንበብ ባትችልም ወስዳ እንዳለ ለጠፈችው።

በመጨረሻ ጽጌረዳ መጣች። ከፊቷ ቆማ «እግዚአብሔር...» ብላ ጀመረች፤ መጨረስ አቃታት። ሠርክ ይቅር አላለቻትም፤ ይቅር እንደምትላትም አታውቅም። ወለሉ ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ሴትየዋም ከአፏ ደም እየጠረገች ቆማለች። ትንሿን ነጠላ ጭኗ ላይ እንደያዘች፣ ከጎኗ እንድትቀመጥ ፈቀቅ አለችላት።